ኢንሱሊኑና ጎተራው፦ የስኳር ሕመም የዕለት ተዕለት ክትትል ታሪክ ከጎንደር እስከ ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ

መግቢያ

የስኳር ሕመም በአብዛኛው የሚታከመው ሐኪሙ በሌለበት ሰዓት ነው። የሳንባ ምች የያዘው ሰው የታዘዘለትን መድኃኒት ጨርሶ ይድናል፤ ትርፍ አንጀት ያጣደፈው ሰው በቀዶ ሕክምና ይገላገላል። ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ግን ምን እንደሚበላ፣ ምን ያህል እንደሚሠራና ስንት ዩኒት እንደሚወጋ በየማለዳው ራሱ ይወስናል። በክሊኒክ የሚያሳልፈው ጊዜ በወር ግማሽ ሰዓት ቢሆን፣ የቀረውን ወር የራሱ ሐኪም ሆኖ ይከርማል።

ይህ ኃላፊነት በየትም ስፍራ ከባድ ነው። በምሥራቃዊው ደቡብ ጎንደር፣ ማለትም በላይና ታች ጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ደግሞ ክብደቱ ይጨምራል። አገሩ ከአራት ሺህ ሜትር በላይ ከሚነሣው ከጉና ተራራ ውርጭ ተነሥቶ እስከ በሽሎና ዓባይ ሸለቆዎች ወበቅ ይወርዳል። ደገኛው በገብስና በድንች፣ ወይና ደገኛው በጤፍና በስንዴ፣ ቆለኛው በማሽላ ይተዳደራል። መሬቱ የተሸረሸረ፣ ይዞታው የጠበበ፣ ዝናቡም የማይታመን በመሆኑ ብዙ ቤተሰብ ዓመቱን ሙሉ ከገዛ ጎተራው መመገብ አይችልም።

ይህ ጽሑፍ የደም ስኳርን በየዕለቱ የመቆጣጠር ልማድ ከየት እንደመጣ፣ በጎንደር እንዴት ወደ ገጠር እንደተሸጋገረና በእነዚህ ወረዳዎች ምን እንደሚገጥመው ይቃኛል። ልማዱ የተፈጠረው ምግብ በተረጋገጠበት አገር ነው። ጎተራው በሚጎድልበት አገር ያው ትእዛዝ ሳይስተካከል ሲሰጥ፣ ሕይወት እንዲያድን የታሰበው ኢንሱሊን ራሱ አደጋ ሊሆን እንደሚችል ታሪኩ ያስተምራል።

ከረሃብ ሕክምና ወደ ኢንሱሊን

ኢንሱሊን ከመገኘቱ በፊት በነበሩት ጥቂት ዓመታት በአሜሪካ ዕውቅና ያገኘው የስኳር ሕክምና ረሃብ ነበር። ፍሬድሪክ አለን የተባለው ሐኪም ታማሚዎቹ በሽንታቸው ውስጥ ስኳር እስኪጠፋ ድረስ እንዲጾሙ፣ ከዚያም በሕይወት ለመቆየት ብቻ የሚበቃ እጅግ ጥቂት ምግብ እየተመዘነ እንዲሰጣቸው ያደርግ ነበር። ብዙ ሕፃናትና ወጣቶች በዚህ መንገድ ጥቂት ወራት ወይም ዓመታት አተረፉ፤ ከስተውና መንምነው ግን በመጨረሻ ሞቱ። ጥር 3 ቀን 1914 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 11 ቀን 1922) ሌናርድ ቶምፕሰን የተባለው የ14 ዓመት ልጅ በቶሮንቶ የመጀመሪያውን የኢንሱሊን መርፌ ተወጋ። ያ ቅምር ንጹሕ ባለመሆኑ የተፈለገውን ያህል አልሠራም። ኮሊፕ አጣርቶ ያዘጋጀው ቅምር ከ12 ቀን በኋላ ሲሰጠው ግን ስኳሩ ወረደ፤ ልጁም አንሠራራ። በቀጣዩ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1923፣ ባንቲንግና ማክላውድ የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

ኢንሱሊን ሞትን ወደ ዕድሜ ልክ ሥራ ለወጠው። ሥራው ሦስት ነገሮችን ማጣጣም ነበር፤ ምግብን፣ ጉልበትንና መርፌን። ይህን ለማድረግ የሚለካ ነገር አስፈለገ። ለአሥርተ ዓመታት መለኪያው ሽንት ነበር። የቤኔዲክት ፈሳሽ ከሽንት ጋር ሲፈላ ስኳር ከሌለ ሰማያዊ ሆኖ ይቀራል፤ ስኳሩ እየጨመረ ሲሄድ ወደ አረንጓዴ፣ ወደ ቢጫ፣ በመጨረሻም ወደ ሸክላ ቀይ ይለወጣል። ዘዴው ርካሽና ለገጠር የሚስማማ ነበር፤ ሆኖም የሚያሳየው ከሰዓታት በፊት የነበረውን ሁኔታ ነው። የደም ስኳር ከመጠን በታች መውረዱንም ጨርሶ አይናገርም። በሽንት ብቻ የሚመራ ሰው ስኳሩ ሲያንስበት የሚያስጠነቅቀው የገዛ ሰውነቱ፣ ላቡና መንቀጥቀጡ ብቻ ነበር። በጣት ጠብታ ደም የሚለካው መሣሪያ ብቅ ያለው እ.ኤ.አ. በ1970 ገደማ ሲሆን፣ በመጀመሪያ የሐኪም ቤት ዕቃ ነበር፤ ወደ ታማሚው ቤት የገባው ቆይቶ ነው።

ጥብቅ ቁጥጥር በእርግጥ ጥቅም እንዳለው ያረጋገጠው እ.ኤ.አ. በ1993 ውጤቱ የታተመው የአሜሪካና የካናዳ ታላቅ ጥናት ነው። 1,441 ዓይነት 1 የስኳር ሕመም ያለባቸው ሰዎች ተሳትፈውበታል። በቀን ሦስት ጊዜና ከዚያ በላይ ኢንሱሊን እየተወጉ ወይም በፓምፕ እየወሰዱ፣ ቢያንስ አራት ጊዜ ስኳራቸውን እየለኩ የኖሩት ሰዎች የዓይን ጉዳት ገና ሳይጀምራቸው የገቡ ከሆነ፣ በጉዳቱ የመያዝ ዕድላቸው በ76 በመቶ ቀነሰ። ብዙ ጊዜ ተነጥሎ የሚረሳው ሌላው ውጤት ግን ከባድ የደም ስኳር ማነስ በእነዚሁ ሰዎች ዘንድ ሦስት እጥፍ ገደማ መጨመሩ ነው። ይህ የሆነው ማቀዝቀዣ፣ ስልክና የሞላ ማዕድ ባለበት አገር ነበር። ያው የቁጥጥር ግብ ጎተራው ወደተሟጠጠበት ቤት ሲወሰድ ምን ያህል ጥንቃቄ እንደሚያሻው ከዚህ መገመት አያዳግትም።

ጎንደር፦ ተላላፊ በሽታን ሊዋጋ የተቋቋመ ቤት

እ.ኤ.አ. በ1954 የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ሲከፈት በአገሪቱ ፊት የነበረው አደጋ ተላላፊ በሽታ ነበር። ከአንድ ዓመት በፊት በደምብያ የደረሰው የወባ ወረርሽኝ ለዚህ ምስክር ነው። ኮሌጁ የጤና መኮንንን፣ የማኅበረሰብ ነርስንና የአካባቢ ጤና ባለሙያን በአንድ ቡድን አሠልጥኖ ወደ ጤና ጣቢያ የመላክ ሐሳብ ይዞ ተነሣ። በሐሳቡ መሠረት ሐኪም ወደሌለበት ስፍራ የሠለጠነ ቡድን ይሄዳል፤ ሕዝቡ ሐኪም ፍለጋ አይንከራተትም። በኋላ ለስኳር ሕመም መፍትሔ የሆነው ይኸው አሮጌ ሐሳብ ነው።

በዚያን ጊዜ የስኳር ሕመም የከተሜና የባለጸጋ ሕመም ተደርጎ ይታይ ነበር። በአዲስ አበባ በየካቲት 12 ሆስፒታል የስኳር ክሊኒክ የሠሩት ዶ/ር ፍራንሲስ ሌስተር የኢትዮጵያውያን ታማሚዎችን የሕመም ገጽታ እ.ኤ.አ. በ1984 አሳተሙ። በ1992 ደግሞ ከ1976 እስከ 1990 የተከታተሏቸውን የዓይነት 1 ታማሚዎች ሁኔታ፣ ተጓዳኝ ጉዳታቸውንና ሞታቸውን ጭምር ለዓለም አቀረቡ። በትዕግሥት ዓመት ከዓመት የተሞላ መዝገብ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው የሚያሳይ ሥራ ነው። ሥራው የተሠራው ግን በዋና ከተማ ነበር።

በጎንደር እ.ኤ.አ. በ1978 በምሥራቅ ጀርመኑ የላይፕዚግ ካርል ማርክስ ዩኒቨርሲቲ ድጋፍ የሕክምና ትምህርት ተጀመረ። ሆስፒታሉም የሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ዋና የሪፈራል ማዕከል ሆነ። ጋይንት በዚያ ዘመን በጎንደር ክፍለ ሀገር ሥር የሚገኝ አውራጃ ነበር። ከባድ ሕመም የያዘው የጋይንት ሰው የሚጠብቀው የመጀመሪያ ሆስፒታል ደብረ ታቦር ሲሆን፣ ከነፋስ መውጫ እስከዚያ 75 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ወረታን ከወልድያ የሚያገናኘውን መንገድ ቻይናውያን ከመሥራታቸው በፊት ይህ ርቀት የሚለካው በእግርና በበቅሎ ጉዞ ቀናት ነበር። መንገዱ ከተሠራም በኋላ ቢሆን ከበሽሎ ገደል ወይም ከስማዳ ቆላ ወደ ዋናው መንገድ መውጣት ራሱ ጉዞ ነው።

ርቀት እንደ በሽታ

ኢንሱሊን ማቋረጥ ለብዙ ታማሚዎች የቀናት ጉዳይ ነው። የቆሽቱ ኢንሱሊን ጨርሶ የነጠፈ ሰው መርፌው ካለቀበት በኪቶአሲዶሲስ ይወድቃል። ስለዚህ ወርኃዊውን ብልቃጥ ለማግኘት ሁለት ሦስት ቀን መጓዝ፣ ለመኪናና ለማደሪያ ፍየል ወይም እህል መሸጥ ያለበት ታማሚ፣ ሕመሙ ሳይሆን ርቀቱ ሊገድለው ይችላል። የጎንደር ሐኪሞች ይህን ቀድመው ተረዱ። ዶ/ር ሽታዬ ዓለሙ፣ በኋላ ፕሮፌሰር፣ ከለንደኑ የስኳር ሐኪም ከፒተር ዋትኪንስና ከሌሎች ጋር እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተሙት ጥናት የሰሜን ኢትዮጵያ ታማሚዎች ሕክምናን እስከ ምን ድረስ እንደሚያገኙ መረመሩ። ጥያቄው ከተለመደው የተለየ ነበር፤ «ስኳሩ ስንት ነው?» ከማለት አስቀድሞ «መድኃኒቱ ጋ ይደርሳል ወይ?» የሚል።

መልሱን ተከትሎ የመጣው እርምጃ ክትትሉን ከሆስፒታል ወደ ጤና ጣቢያ ማውረድ ነበር። ኤልድሪድ ፓሪ ያቋቋሙት የትሮፒካል ጤናና ትምህርት ትረስት በጎንደርና በጅማ ይህን ሥራ አገዘ። ነርሶችና የጤና መኮንኖች ኢንሱሊን ማስጀመርንና ማስተካከልን፣ መዝገብ መያዝን፣ እግር መመርመርን፣ የደም ስኳር ማነስን ማወቅንና ማከምን ሠለጠኑ። ከሆስፒታሉ ሐኪም በየጊዜው እየወጣ አስቸጋሪ ታማሚዎችን አብሯቸው ያይ ነበር። የጎንደሩ ልምድ እ.ኤ.አ. በ2003 በኢትዮጵያ ሜዲካል ጆርናል ታተመ። በ2007 ደግሞ የጅማና የጎንደር ልምድ በአንድነት ለሌሎች አገሮች ምሳሌ ሆኖ ቀረበ።

የዚህ ሥራ ታላቅነት በቀላልነቱ ላይ ነው። አዲስ መድኃኒት አልተፈለሰፈም። መዝገብ፣ ብልቃጥ፣ መርፌና የሠለጠነ ነርስ ታማሚው ወደሚኖርበት ቀረቡ። የኮሌጁ መሥራቾች ለወባና ለፈንጣጣ ያሰቡት የቡድን ሥራ ከአርባ ዓመት በኋላ ዕድሜ ልክ ለሚቆይ ሕመም አገለገለ። ባለሙያው ታማሚውን የሚያውቀው ጎረቤቱ በመሆኑም፣ ስኳሩ ለምን እንደወጣ ወይም እንደወረደ ከሆስፒታሉ ሐኪም ይልቅ ለመረዳት የተሻለ ዕድል አለው።

ከሲታው ገበሬ

ክትትሉ ወደ ገጠር ሲወርድ መዝገቡ ያልተጠበቀ መልክ አሳየ። ኢንሱሊን የሚያስፈልገው የገጠር ታማሚ በመጻሕፍት እንደተገለጸው ሕፃን ልጅ፣ ወይም እንደ ዓይነት 2 ታማሚ ወፍራም ጎልማሳ አልነበረም። አብዛኛው ወንድ፣ በሃያዎቹ ዕድሜ መጨረሻ ገደማ የታመመ፣ ከሲታ፣ ቁመቱም አጠር ያለ ድሃ ገበሬ ነበር። ሽታዬ ዓለሙና ባልደረቦቻቸው ይህን እ.ኤ.አ. በ2009 «ዲያቤቶሎጂያ» በተባለው መጽሔት ሲያቀርቡ፣ ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘ የስኳር ሕመም ጉዳይ እንደገና ይከፈት ወይ ብለው ጠየቁ። በቀጣዩ ዓመት የወጣው የጎንደር ጥናት ደግሞ ሕመሙን ከድህነትና በልጅነት ከደረሰ የምግብ እጥረት ጋር አዛመደው።

«እንደገና» የተባለው ጉዳዩ አሮጌ ስለሆነ ነው። ሂዩ ጆንስ እ.ኤ.አ. በ1955 በጃማይካ ከሁለቱ ዓይነቶች ከአንዱም ጋር የማይስማሙ ታማሚዎችን ገልጾ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1985 «ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘ የስኳር ሕመም» የሚለውን ስም በምደባው አስገባ፤ በ1999 ግን ማስረጃው አልበቃም ተብሎ ከምደባው ወጣ። በእነዚህ ዓመታት መካከል፣ በ1990፣ ፕሮፌሰር ጀማል አብዱልቃድርና ባልደረቦቻቸው በኢትዮጵያውያን ታማሚዎች ላይ ያደረጉትን ምርምር አሳተሙ። የቆሽታቸውን የኢንሱሊን አቅም ለኩ፤ በምግብ እያገገሙ ሲሄዱም ለኪቶአሲዶሲስ ያላቸውን ተጋላጭነት መረመሩ።

ስሙ ከምደባ ቢወጣም ከሲታው ገበሬ ከክሊኒክ ደጃፍ አልጠፋም። በሕንድ ቬሎር ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ጥናት እንዲህ ያሉ ታማሚዎች ዋና ችግራቸው የኢንሱሊን አለመመንጨት እንጂ ኢንሱሊንን አለመቀበል እንዳልሆነ አሳየ። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2025 ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን በባንኮክ ጉባኤው «ዓይነት 5» የሚል ስም ሰጥቶ ለሕመሙ ዕውቅና ሰጠ። ክርክሩ ግን በዚህ አላበቃም። እ.ኤ.አ. በ2020 በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ አማሮች መካከል ተሠርቶ የታተመ የዘርና የመከላከያ ሥርዓት ጥናት የተለመደው ዓይነት 1 የዘር አሻራ በእነዚህ ታማሚዎችም ውስጥ እንደሚገኝ አመልክቷል። አንዱ ስም ሁሉንም ከሲታ ታማሚ ላይገልጽ ይችላል።

በጤና ጣቢያ ለሚሠራ ባለሙያ ከስሙ ይልቅ ሁለት ነገሮች ይበልጥ ይጠቅሙታል። አንደኛው፣ የሠላሳ ዓመት ሰው ስለሆነ ብቻ ከሲታውን ገበሬ «ዓይነት 2 ነው» ብሎ በእንክብል መሸኘት አደገኛ መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ ሰውነቱ የመነመነ ሰው ለኢንሱሊን እጅግ ስስ ሊሆን ስለሚችል፣ ከትንሽ መጠን ተነሥቶ ቀስ እያሉ መጨመር፣ በተለይም ምግቡ እርግጠኛ ካልሆነ፣ ሕይወት የሚያድን ጥንቃቄ መሆኑ ነው።

ጎተራው

ጋይንትና አካባቢው ከረሃብ ጋር ያለው ትውውቅ ረጅም ነው። ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ የአገሪቱን ከብትና ሕዝብ የፈጀው ክፉ ቀን፣ ከዚያም የ1977ቱ ድርቅ በሕዝቡ ትዝታ ውስጥ አሉ። በ1997 ዓ.ም. የልማታዊ ሴፍቲኔት መርሐ ግብር ሲጀመር ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ ሥር የሰደደ የምግብ እጥረት ካለባቸው ወረዳዎች መካከል ተካተቱ። የመርሐ ግብሩ መኖር ራሱ ለክሊኒኩ መረጃ ነው፤ በየዓመቱ ለወራት የሚቆይ ጉድለት ይጠበቃል ማለት ነውና።

የስኳር ክትትል ካርድ ግን ብዙ ጊዜ ይህን አያውቅም። ካርዱ ላይ በታኅሣሥ፣ እህሉ ሲወቃ፣ የተጻፈው መጠን በሐምሌም ያው ሆኖ ይቀጥላል። በታኅሣሥ ሰውየው በቀን ሦስት ጊዜ እንጀራ ይበላል። በሐምሌና በነሐሴ ቤቱ ውስጥ የቀረው ጥቂት ቆሎ ወይም ድንች ሊሆን ይችላል፤ በዚያው ወር ደግሞ አረሙ ከንጋት እስከ ምሽት የጉልበት ሥራ ይጠይቃል። ምግብ ሲቀንስና ጉልበት ሲጨምር ያው ዩኒት ከተወጋ ስኳሩ እርሻ መካከል ይወርዳል። ገበሬው ይህን አንድ ጊዜ ካየ በኋላ የሚወስደው እርምጃ ግልጽ ነው፤ «ምግብ የለኝምና መርፌውን ልተው» ይላል። መዝገቡ «መመሪያ የማያከብር» ብሎ ይጽፈዋል። እርሱ ግን ባወቀው መጠን ራሱን ከሞት እየጠበቀ ነው። ሆኖም ጨርሶ ማቆሙ ወደ ኪቶአሲዶሲስ ይወስደዋል። ከሁለቱ ሞቶች የሚያድነው መካከለኛ መንገድ በምግብ ማነስ ጊዜ መጠኑን መቀነስ ሲሆን፣ ይህን አስቀድሞ ሊያስተምረው የሚገባው ባለሙያው ነው።

ስደቱም ሌላ ምዕራፍ ነው። ከእነዚህ ወረዳዎች ብዙ ወጣቶች ለሰሊጥ አረምና አጨዳ ወደ መተማ ቆላ ይወርዳሉ። ኢንሱሊን የሚወስድ ወጣትም ከጓደኞቹ አይቀርም፤ የቤተሰቡ ገንዘብ የሚገኘው ከዚያ ነውና። በዚያ ምግቡ የሚወሰነው በአሠሪው ሰዓት ነው፤ ብልቃጡን ያስቀመጠበት ዳስም በሙቀት ይጋያል። በደጋው ደግሞ ተቃራኒው አደጋ አለ። የጉና ውርጭ ኢንሱሊኑን ቢያረጋው፣ ቀልጦ ቢታይ እንኳ ኃይሉ ይጠፋልና መጣል አለበት። ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት መድኃኒት ማቆየት ግን የማይቻል አይደለም። በድንበር የለሽ ሐኪሞች ሥራ ላይ ተመሥርቶ እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት፣ በኬንያ ዳጋሃሌይ የስደተኞች ካምፕ እንደሚታየው ከ25 እስከ 37 ዲግሪ ሴልሺየስ በሚለዋወጥ ሙቀት ኢንሱሊን ለአራት ሳምንታት ኃይሉን እንደጠበቀ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ የተለያዩ አገሮች የሸክላ ማቀዝቀዣዎች በትነት አማካይነት ሙቀትን እንደሚቀንሱ መዝግቧል። ውኃ በሚያዥ ገንቦ ጠላና ውኃ ለሚያቀዘቅዝ ሕዝብ ይህ እንግዳ ዕውቀት አይደለም።

ጾምና ጠበልም ከታሪኩ ውጭ አይደሉም። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመን በዓመት ከግማሽ ያላነሰውን ጊዜ በጾም ያሳልፋል፤ ብዙዎችም እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀምሱም። ማለዳ ተወግቶ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቆይ ሰው ለስኳር ማነስ የተጋለጠ ነው። ቤተ ክርስቲያን ለሕሙማን ጾምን የምታቀልበት ሥርዓት ስላላት፣ ባለሙያው ከንስሐ አባት ጋር ቢነጋገር ከመቶ ትእዛዝ ይልቅ ይጠቅማል። ጠበል የሚሄድ ታማሚም «ጠበልና መርፌ አይጣሉም» የሚል ቃል ከካህኑ አፍ ቢሰማ ብልቃጡን ይዞ ይሄዳል። ታማሚውን ከእምነቱ ጋር እንዲጣላ ማድረግ ግን ከክሊኒኩ ጋር ያጣላዋል።

መንገዱ ሲዘጋ

በቅርብ ዓመታት ነፋስ መውጫን፣ መካነ ኢየሱስንና ወገዳን የመሳሰሉ ከተሞች የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል አግኝተዋል። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር ባለሙያን እስከ ቀበሌ አድርሷል። በ2003 ዓ.ም. ገደማ በ13 ወረዳዎች፣ ከደቡብ ጎንደርም በፎገራ፣ ለሙከራ የተጀመረው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን ደግሞ ፍየል ሳይሸጡ መታከምን የሚቻል ወደ ማድረግ አቅንቷል። ርቀቱ አጥሯል ማለት ይቻላል።

ይሁንና ያጠረ ርቀት ተመልሶ ሊረዝም ይችላል። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ነፋስ መውጫ በጦርነቱ ለዘጠኝ ቀናት ያህል በሕወሓት ታጣቂዎች እጅ ስትገባ፣ የከተማዋ ሆስፒታልና የጤና ተቋማት መዘረፋቸውንና መጎዳታቸውን አምነስቲ ኢንተርናሽናል መዝግቧል። በዚያው ጊዜ የደረሰውን የሴቶች መደፈርም ዓለም ሰምቶታል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ የተቀሰቀሰው ግጭት ደግሞ መንገድንና አቅርቦትን ደጋግሞ አስተጓጉሏል። ዘጠኝ ቀን ለብዙ ሕሙማን አጭር ነው። ኢንሱሊን ለነጠፈበት ሰው ግን ከሞት ወዲያና ወዲህ ያለ ርቀት ነው። በሰላም ጊዜ ለታማሚው አንድ ተጨማሪ ብልቃጥ አስቀድሞ መስጠት፣ የታማሚዎችን ዝርዝር በጤና ኬላ ጭምር መያዝና በአቅራቢያው ሌላ የመድኃኒት ምንጭ ማመልከት፣ በጦርነት ጊዜ የሚቆጠር ሕይወት ይሆናል።

ማጠቃለያ

ከአለን የረሃብ ሕክምና እስከ ኢንሱሊን፣ ከቤኔዲክት ፈሳሽ እስከ ጣት ጠብታ፣ ከጎንደር ሆስፒታል እስከ ገጠር ጤና ጣቢያ የተሄደው መንገድ አንድ ነገር ያሳያል፤ የስኳር ቁጥጥር የተሻሻለው ሕክምናው ታማሚው ወደሚኖርበት ኑሮ በቀረበ ቁጥር ነው። የጎንደር ሐኪሞች ርቀቱን አቀረቡ። በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ የሚቀረው ጎተራውን ወደ ካርዱ ማቅረብ ነው።

ይህም ብዙ ወጪ አይጠይቅም። በእያንዳንዱ ቀጠሮ፣ ስኳሩ ከመለካቱ ጋር፣ «ዛሬ ምን በላህ? ጎተራው እስከ መቼ ይበቃል? በሚቀጥለው ወር ወዴት ትሄዳለህ?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል። በካርዱ ላይ አንድ ሳይሆን ሁለት መጠን፣ አንዱን ለጥጋብ አንዱን ለጉድለት ወር፣ መጻፍ ይቻላል። ታማሚው ምግብ ባጣ ቀን መጠኑን እንዲቀንስ እንጂ እንዳያቆም፣ በተለይም ሲያስታውከው፣ ሲጠማውና ሽንቱ ሲበዛበት መርፌውን ይዞ ወደ ጤና ጣቢያ እንዲሮጥ ማስተማር ይቻላል። ሲያልበውና ሲንቀጠቀጥ ወዲያው ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጦ ወይም ማር እንዲወስድ፣ ከሩብ ሰዓት በኋላ ካልተሻለው እንዲደግም፣ ሲሻለውም ምግብ እንዲበላ፣ ራሱን ለሳተ ሰው ግን በአፍ ምንም እንዳይሰጥ ለቤተሰቡም መንገር ይቻላል። ገንዘብ ላጣ ታማሚ ስኳር በወረቀት ጠቅልሎ በኪሱ መያዝ ከብዙ ምክር ይበልጣል። ግሉኮሜትርና ስትሪፕ ሲገኝ ደግሞ ለመለኪያ የሚመረጠው ሰዓት አደጋው የሚጠበቅበት፣ ማለትም ከምሳ በፊትና ከሥራ በኋላ ያለው ሰዓት ቢሆን ይበልጥ ይጠቅማል።

ባለሙያው ይህን ሲያደርግ «ስኳርህን ለምን አላስተካከልክም?» ከሚል ተግሣጽ ወደ «ምን ቢደረግ ይስተካከልልሃል?» ወደሚል ምክክር ይሸጋገራል። የከሲታው ገበሬ ሕመም ስሙ ዓይነት 1 ይባል ዓይነት 5፣ በነሐሴ ማለዳ ብልቃጡን ይዞ ባዶ ሞሰቡን ለሚያይ ሰው የሚያስፈልገው መልስ ይኸው ነው።